የስፓርክ ብረት በሌዘር ቢነቀስ በረዶ ላይ ይቀልለዋል? ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

የምኖረው ሰሜን ስዊድን፣ ኡሜኦ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት መጨረሻ መሬቱ ነጭ ነው። እዚህ ብዙ አዛውንቶች ሱቅ የሚሄዱት ስፓርክ በሚሉት ነገር ነው። ለማታውቁት፣ ከፊት ትንሽ ወንበር አለው፣ ከሥሩ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሁለት ቀጫጭን የብረት እግሮች። አንዱ ብረት ላይ ቆመህ በሌላው እግርህ መሬቱን ወደ ኋላ ትገፋለህ። ወንበሩ ላይ ዘንቢል ይቀመጣል፣ አንዳንዴም የልጅ ልጅ።

ጎረቤቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። መንገዱ ደርቆ ሲጠነክር ስፓርካቸው ይበርራል። ቀኑ ሞቅ ብሎ በረዶው ሲረጥብ ግን ብረቱ ይይዛል። ከታች ሰው የያዘው ነው የሚመስለው። የካቲት ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው መንገድ መሃል ቆመው አገኘኋቸውና እየገፋሁ ቤታቸው አደረስኳቸው። ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የምሠራው ብረት ሥራ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ዕቃ ላይ ቁጥር የሚጽፍ ፋይበር ሌዘር አለን። ስለዚህ በአማርኛ የምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጠየቅኩ። የብረቱን ታችኛ ገጽ በሌዘር በጣም በቀጫጭን መስመር ብንነቅሰው ፍትጊያው ይቀንሳል ወይ? ጥያቄ ብቻ አልነበረም፣ በድፍረት የጻፍኩትም ነገር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ቹንሌ ጉዎና ባልደረባው ፕላቲነም፣ ታይታኒየምና ናስ በሌዘር ነቅሰው ውሃ ነጥሮ የሚወርድበት ገጽ ሠርተዋል። ውሃ የማይነካው ብረት በረዶም አይነካውም ብዬ ደመደምኩ። ይህችን አረፍተ ነገር ያዙልኝ።

1ኛው መልስ ከሚኒያፖሊስ ነው። ሰውየው ለጎረቤቴ ጤና ተመኘ፣ ሐሳቡንም ወደደው። ከዚያ የትኛውን በረዶ ማለቴ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኛ ጣሪያ የሚቀጠቅጠውንም፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፈውንም፣ ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። ለፍትጊያ ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልክ ነበር።

2ኛዋ ይህን ይዛ ቃል አለን አለች። ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው፣ አያቷ ጠዋት ሣሩን የሚያነጣውን አመዳይ ይሉት ነበር። የአማርኛው ኢሳይያስም ትነጻለች ያለው እንደ በረዶ ሳይሆን እንደ አመዳይ ነው። ቃሉን ብንመልሰው ደስ ይለኛል። እዚህ ግን ሁሉም በለመደው ልቀጥልና ከሰማይ የሚወርደውን በረዶ፣ ጠንክሮ መስታወት የሆነውን ግግር እላለሁ።

3ኛው ሌዘር ሲባል ጃኬት የሚሠራበት ቆዳ መስሎታል። ብረቱን ቆዳ አልብሰው ሲል መከረኝ፣ ጸጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ቢሆን ይመረጣል ብሎ። አንዳንዶች ሳቁበት። 4ኛዋ ግን በትሕትና አረመችውና ነገሩን ወደ ቁም ነገር መለሰችው። ሌዘር ብርሃን ነው፣ የእሱ ሐሳብ ግን ከንቱ አይደለም። ተራራ የሚወጡ ስኪ ነጂዎች ድሮ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቆዳ ከስኪያቸው ሥር ያስሩ ነበር። ጸጉሩ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ይይዛል። ስለዚህ አቅጣጫ ትልቅ ነገር ነው ብላ፣ መስመሮቹን በርዝመቱ ነው ወይስ በወርዱ የምትነቅሰው ስትል ጠየቀችኝ። አላሰብኩበትም ነበር። ዳማ የመሰለ ነገር ነበር በአእምሮዬ ያለው።

5ኛው ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ክሩ (የጥያቄዬና የመልሶቹ ሰንሰለት) ላይም ሁሉም እንደዚያ ነው የጠራቸው። የሰው ክብደት በቀጭን ብረት በረዶውን ሲጫነው ይቀልጣል፣ ብረቱ የሚንሸራተተው በዚያ ውሃ ላይ ነው አሉ። ብረቱን በነቀስነው ቁጥር የሚነካው ስፋት ይቀንሳል፣ ጫናው ይጨምራል፣ ስለዚህ ይሠራል። እኛም ትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነው።

6ኛው ከዙሪክ ነው፣ ትንሽ ቆረጥ አድርጎ ነው የመለሰው። አንድ ከባቢ አየር (አየሩ ራሱ የሚጫነንን) የሚያህል ጫና የበረዶን መቅለጫ ዝቅ የሚያደርገው በ0.0075 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ በጫና ብቻ ለማቅለጥ ከአንድ ሺህ ከባቢ አየር በላይ ያስፈልጋል። ስፓርክ ላይ የቆመች ሴት ያንን አታመጣም። ውሃው በዋናነት የሚመጣው ከፍትጊያው ሙቀት ነው፣ ይህንንም ቦውደንና ሂዩዝ በ1939 ባሳተሙት ሥራ አሳይተዋል። ሙከራቸውን የሠሩት ስዊዘርላንድ ዩንግፍራውዮኅ ላይ ነበር። ናስንና ኤቦናይት የተባለውን ጠንካራ ጎማ ሲያወዳድሩ ናሱ የባሰ ያዘ፣ ምክንያቱም ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል።

7ኛው መልስ የጋሼ ነው። ይቀየማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት አውጥተው አስልተው ነው የመጡት። 80 ኪሎ ሰው፣ የፍትጊያ መጠን 0.05፣ ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜትር ብለው ቢይዙት 120 ዋት ገደማ ሙቀት ወጣ። አንድ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ጁል ይፈልጋል። ሙቀቱ ሁሉ ለማቅለጥ ቢውል እንኳ በሰከንድ የሚቀልጠው የግራም ሲሶ ያህል ነው። ከዚህች ላይ ብረቱ ይሰርቃል። የስኪ ሥር የሚሠራበት ፕላስቲክ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 0.4 ቢሆን የተራ ብረት 50 ገደማ ነው። ከመቶ እጥፍ በላይ! ስለዚህ በብርድ ቀን የብረት ችግሩ ገጹ ሳይሆን ሆዱ ነው አሉ። መምህር ማለት እንዲህ ነው። ተሳስቻለሁ ብለው ጀምረው ማንም ያላሰበውን ጨምረው ሄዱ።

8ኛው ኖርዌይ ሊልሃመር ስኪ መሸጫ ውስጥ ይሠራል። የስኪን ሥር በድንጋይ እየፈጩ ቀጫጭን መስመር ማውጣት የእነሱ የዕለት ሥራ ነው። ለደረቅ ብርድ በጣም የደቀቀ መስመር፣ ለእርጥብ በረዶ ሻካራና ጠለቅ ያለ። መስመሩ በእርጥብ ቀን ውሃው ከሥር እንደ ቬንቶሳ እንዳይመጥጥ ያደርጋል። ፍሎር ያለበት ሰም ከ2023–24 ወቅት ጀምሮ በዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ውድድሮች ሙሉ በሙሉ ስለታገደ ደንበኞቹ አሁን ስለ መስመር አብዝተው ይጠይቃሉ። ከዚያ ግን ውሃ ቸለሰብኝ። ለስፓርክ ብረት የሚለበስ የፕላስቲክ ጫማ ገበያ ላይ አለ፣ በሌዘር ምን አደከመህ አለኝ።

9ኛው እዚሁ ስዊድን፣ ኪሩና ነው ያለው። ፕላስቲኩን ገዝቶ ያውቃል። ማዘጋጃ ቤቱ ሰው እንዳይወድቅ መንገዱ ላይ ጠጠር ይበትናል። ጠጠሩ ፕላስቲኩን እንደ ሞረድ በላው። አንድ ክረምት እንኳ አልዘለቀለትም። ብረት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ጨምሮም የእኔን ንቅሳትም ጠጠሩ እንደሚበላው አስጠነቀቀኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ብረት አይደል ብዬ አለፍኩት።

10ኛዋ ተቆጣች፣ ቁጣዋም ተገቢ ነበር። የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። እኔ ብረቱ ሁለት ሜትር ስለሆነ የማሽኑን በር ከፍቼ እንደምሠራ ጽፌ ነበር። የፋይበር ሌዘር ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ ዓይን አያየውም፣ ስለማያየውም አይጨፈንም። ከሚያብረቀርቅ ብረት ነጥሮ ሬቲናን ቢመታው ያ ቦታ አይመለስም። ዕቃ መጻፊያ ነው ብሎ መናቅ ከየት የመጣ ነው፣ ተራ ጥቁር መነጽርስ ምን ያደርግልሃል ስትል አፋጠጠችኝ። ጭሱንም አልተወችውም። ሌዘሩ የነካው ብረት ተንኖ ደቃቅ አቧራ ይሆናል፣ እሱ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የጻፍኩትን አላጠፋሁትም፣ ሌላም እንዲማርበት ብዬ። ከማሽኑ ግራና ቀኝ ከቆርቆሮ የተዘጋ ቦይ ሠርቼ ብረቱ በውስጡ እንዲያልፍ አደረግኩ፣ በሩም ተዘጋ፣ ጭስ መጥለያውም ተከፈተ። ስሟን ባላውቅም አመሰግናታለሁ።

11ኛው መልስ ክሩን ገለበጠው። ጸሐፊው ቫንኩቨር የማቴሪያል ሳይንስ ይማራል። እዚያው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አን-ማሪ ኪትሲግና ባልደረቦቿ በ2009 ይህንኑ ሠርተዋል። ብረትን ምቱ እጅግ አጭር በሆነ፣ ፌምቶሰከንድ በሚባል ሌዘር ነቅሰው፣ ውሃ እንዲሸሸው አድርገው ግግር ላይ አሽከረከሩት። ውጤቱ ሁለት ፊት አለው። ሙቀቱ ወደ መቅለጫው ሲጠጋና ፍጥነቱ ሲጨምር የተነቀሰው ብረት በደንብ ቀለለ። ብርዱ ሲጠነክርና ፍጥነቱ ሲያንስ ግን የተነቀሰው የባሰ ያዘ። በእርጥቡ ጊዜ ብረቱን የሚይዘው በብረትና በግግር መካከል የሚዘረጋ ጥቃቅን የውሃ ድልድይ ነው፣ ውሃ የሚሸሸው ገጽ ድልድዩን ይከለክላል። በብርዱ ጊዜ ግን ውሃው ቀድሞም የለም፣ የሚቀረው ሻካራነቱ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ጉዞውን ተከትለው በርዝመት የተጫሩ መስመሮች በዝግታም ጊዜ በየአቅጣጫው ከተጫረ ገጽ የተሻሉ ሆኑ። የ4ኛዋ ጥያቄ እዚህ መልስ አገኘ።

ውሃ የማይነካው በረዶም አይነካውም ያልኩት ግማሹ ስህተት ነበር። ልጁ ሙከራው ግግር ላይ እንጂ በረዶ ላይ እንዳልሆነ ራሱ አስጠንቅቋል። በረዶ ፍሬ ፍሬ ነው፣ ብረቱን የሚነካው በጥቂት ጫፎች ነው። አቅጣጫውን ግን አየሁት። የጎረቤቴ ችግር ያለው በእርጥቡ ቀን ነው፣ ንቅሳት የሚረዳውም እዚያው።

12ኛው ከሃይፋ ነው፣ በሙያው መካኒካል መሐንዲስ። ይህ ሥራ የተስፋፋው እሱ በተማረበት በቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ በኩራት ጻፈ። ፕሮፌሰር ኢዝሃክ ኤትሲዮን በ1990ዎቹ የፓምፕ ማሸጊያ ቀለበት ላይ በሌዘር ጥቃቅን ጉድጓድ ቆፍረው ፍትጊያና መበላት እንዲቀንስ አደረጉ። ጉድጓዶቹ ጥልቀታቸው በማይክሮን (በሚሊሜትር ሺኛ) የሚቆጠር ነው፣ ፈሳሹ በላያቸው ሲያልፍ ግፊት ፈጥሮ ሁለቱን ገጽ ያራርቃል። ስለዚህ መስመሩን ትተህ ጉድጓድ ቆፍር አለኝ።

13ኛው የዙሪኩ ሰው ነው። ፓምፕ ውስጥ ፈሳሹ ሞልቶ የተረፈ ነው፣ በረዶ ላይ ያለው የውሃ ሽፋን ግን ከአንድ ማይክሮን ሊያንስ ይችላል፣ ጉድጓዱ ያንን ውሃ ይውጠዋል አለ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ግን ሳይገባህ አታደናግር የምትል ጨመረባት። 14ኛው፣ የሃይፋው፣ ተናደደ። በእርጥብ በረዶ ላይ ውሃው የሚመጣው ከፍትጊያ ብቻ አይደለም፣ በረዶው ራሱ ውሃ ያዘለ ስፖንጅ ነው፣ ተቀምጠህ ከማስላት ወጥተህ እርገጠው አለው። 15ኛውና 16ኛው ስድድብ ብቻ ስለሆኑ እዘላቸዋለሁ። 17ኛዋ፣ የደብረ ብርሃኗ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ናት። አንዱ የሚያወራው ስለ ጥር ነው፣ ሌላው ስለ መጋቢት።

18ኛው አገር ቤት ስንት መከራ እያለ ስለ በረዶ ትንፈላሰሳላችሁ ብሎ ገባ። 19ኛዋ አልማረችውም። የአሮጊት ጉልበት ማገዝ የትም አገር ቁም ነገር ነው፣ ከከበደህ ሌላ ክር ክፈት አለችው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሥራ የሚለመደው እጅ ላይ ባለው ነገር ነው።

20ኛው የበረዶው ነገር ሮቤል ተክለማርያምን አስታወሰው። በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ በ15 ኪሎ ሜትር ስኪ 83ኛ ወጣ፣ በ2010 ቫንኩቨርም ተመለሰ። ይህን ጊዜ ሁሉም ሞቅ አለ። ባንዲራውን በቴሌቪዥን ሲያይ ያለቀሰ፣ ቡና ይዛ ያየች፣ ብዙ ነው።

21ኛዋ ደግሞ ምጣድ ይዛ መጣች። ብረት ውሃ እንዲሸሸው ማድረግ ከተቻለ እንጀራ የማይዝ የብረት ምጣድ ለምን አይሠራም? 22ኛዋ አያቶቻችን ሠርተውት የለም ወይ አለች። አዲስ የሸክላ ምጣድ በተወቀጠ ጎመን ዘር እየተሟሸ ነው ሥራ የሚጀምረው። ዘይቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ገጹ ይለሰልሳል። እኛ የምናወራው ቀዳዳ ስለመክፈት፣ እነሱ ስለመድፈን። ይህ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፣ እሷም ከፍታዋለች።

23ኛው መልስ የጋሼ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የበለጠው። ሁለቱንም ብረት አትንቀስ አሉኝ። አንዱን ብቻ ነቅሰህ ወንበሩ ላይ ክብደት ጫን፣ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ቀጥ አድርገህ ልቀቀው። ስፓርኩ የሚታጠፈው ብረቱ ወደያዘበት ጎን ነው። መሣሪያ አያስፈልግህም፣ ስፓርኩ ራሱ መሣሪያ ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ።

24ኛው የእኔ ነው። አለቃዬን አስፈቅጄ ከሥራ ሰዓት በኋላ የግራውን ብረት ነቀስኩ። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚሸፍነው 11 ሴንቲ ስለሆነ ከጫፍ ጫፍ እየገፋሁ ሃያ ጊዜ ያህል ደገምኩት። መስመሮቹ በርዝመት፣ ስፋታቸው ከጸጉር የማይበልጥ። ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት ወሰድኩት። የ25 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ጭኜ ለቀቅኩት። ወደ ግራ ታጠፈ። ሦስት ጊዜ ለቀቅኩት፣ ሦስቴም ግራ። የተነቀሰው ነው የያዘው! ተስፋ ቆርጬ ጻፍኩ።

25ኛው፣ የቫንኩቨሩ ልጅ፣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በናይለን ስቶኪንግ ገጹን ዳበስኩት ወይ? የሚስቴን አሮጌ ስቶኪንግ ወስጄ በብረቱ ላይ ጎተትኩት። አንድ መዳፍ ሳይሄድ ክሩ ተያዘ፣ ተመዘዘ፣ ተቀደደ። በማጉያ መነጽር ሳየው በየመስመሩ ዳር የቀለጠ ብረት ቆሞ ደርቋል፣ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ግራና ቀኝ ጉብ ብሏል። ያ ጉብታ ነው በረዶውን የሚያርሰው። 26ኛው መልስ ላይ ምክንያቱን አስረዳኝ። የእኔ ሌዘር ምቱ የናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ የሚቆጠር ነው፣ ብረቱ ከመትነኑ በፊት የመቅለጥ ጊዜ ያገኛል። የፌምቶሰከንድ ምት ግን የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው፣ ሙቀቱ ለመስፋፋት ፋታ የለውም፣ ስለዚህ ዳሩ ንጹሕ ነው። ሙሩና ስትሪክላንድ የተባሉት የፊዚክስ ሊቃውንት በ2018 ኖቤል ያገኙት በ1985 ሮቼስተር ውስጥ ለሠሩት፣ እንዲህ ያለውን አጭር ምት ኃይለኛ ለማድረግ ላስቻለው ዘዴ ነው። የእኔ መድኃኒት ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ጉብታው እስኪጠፋ፣ መስመሩ ግን እስኪቀር።

27ኛዋ፣ የምጣዷ ሴት፣ ጥሩ ነገር ጠየቀች። ገጹ ውሃ ይሸሸዋል ወይ፣ አይተኸዋል? ጠብታ አደረግኩበት። ጠብታው ኳስ አልሆነም። ተነጠፈ፣ በመስመሮቹ ውስጥ እንደ ቦይ ውሃ ሄደ። የቫንኩቨሩ ልጅ በዚህም አልተገረመም። አዲስ የተነቀሰ ብረት መጀመሪያ ውሃ ይወዳል። አየር ላይ ሲቆይ ካርቦን ያለበት ነገር ቀስ በቀስ ይለብሰውና ከቀናት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ ውሃ መሸሽ ይጀምራል። ይህንንም ኪትሲግና ባልደረቦቿ ጽፈውታል። ስለዚህ ብረቱን አጽድቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ዘይት ሳልነካው ምድር ቤት ሰቀልኩት። በየሦስት ቀኑ አንድ ጠብታ። በሦስተኛው ሳምንት ጠብታዋ ክብ ሆና ቆመች፣ ብረቱን ዘንበል ሳደርገው ተንከባልላ ወረደች። መሬቱ ላይ ስትወድቅ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ፣ ደስታዬን ግን ክሩ ሁሉ ሰማው።

28ኛው ሁለተኛው ሪፖርቴ ነው። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሆነ ጠዋት ስፓርኩ ወደ ግራ ታጠፈ፣ የተነቀሰው ያዘ። ከሳምንት በኋላ በረዶው በረጠበበት ከሰዓት ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ያልተነቀሰው ያዘ። ልክ እንደ ቫንኩቨሩ ሙከራ።

29ኛው፣ ዙሪክ፣ እንኳን ደስ ያለህ አላለኝም። ስፓርኩ ከመጀመሪያውም ጠማማ ቢሆንስ? የግራው ብረት ቀድሞ የተበላ ቢሆንስ? ብረቶቹን አለዋውጠህ ካልደገምከው ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም አለ። አነጋገሩ ይጎረብጣል፣ ግን እውነቱን ነው። ፈትቼ አለዋወጥኳቸው። በሚቀጥለው እርጥብ ቀን ስፓርኩ ወደ ግራ ታጠፈ። ያልተነቀሰው አሁን ግራ ነበራ! 30ኛው መልስ ላይ ይህን ስጽፍ የዙሪኩ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነኝ፣ የሃይፋውንም ይቅርታ ጠየቀው።

ሁለተኛውንም ብረት ነቅሼ፣ አቆይቼ ለጎረቤቴ ገጠምኩላቸው። ውርጭ ባለበት ጠዋት ትንሽ ሊከብዳቸው እንደሚችል ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ሱቅ የሚሄዱት ከሰዓት ነው፣ በመጋቢት ከሰዓት ሁሉ ነገር ይረጥባል። በመጀመሪያው ቀን እስከ ሱቁ ሳይቆሙ ሄደው ተመለሱ። ያየሁት በመስኮት ነው።

31ኛው የኪሩናው ሰው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የብረቱን መሃል እንዳይ ብቻ ጠየቀኝ። ስፓርኩን ገልብጬ ማጉያ መነጽሬን ያዝኩ። ወደ ላይ የሚታጠፈው የፊተኛው ጫፍ ላይ መስመሮቹ እንደተነቀሱ አሉ። ሰው ከሚቆምበት ሥር ግን የሉም። ጠጠሩ ልጎታቸዋል፣ በቦታቸው ያለው በየአቅጣጫው የተቧጨረ ብረት ነው። 9ኛው መልስ ላይ የነገረኝ ነገር ነው፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አሁን እሱና የቫንኩቨሩ ልጅ መስመሩን ጠለቅ ብናደርገው ስንት ቀን ይጨምራል በሚለው ላይ ናቸው። ጋሼ ደግሞ ጠልቆ ብረቱ ቢሞቅ ጥንካሬውን ያጣል ብለው ይከራከሯቸዋል።

ትናንት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ብረቱ እንደገና መያዝ ጀምሯል፣ በረዶው ሳያልቅ አንድ ጊዜ ድገምልኝ አሉኝ። ማሽኑ ሰኞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነፃ ነው።